ቤት የት ይሠራ? መሃል ከተማ፣ ዳርቻ፣ አጎራባች ከተማ ወይስ ገጠር

ደላላ ሲደውል ቀድሞ የሚነግራችሁ ካሬውንና ዋጋውን ነው። ቀጥሎ «መንገዱ አስፋልት ሊሆን ነው፣ መብራትም ሊገባ ነው» ይላል። ብዙ ቤተሰብ ያስለቀሰችው ይቺ «ሊ» ናት። ቦታ የሚመዘነው ዛሬ ባለው ነገር ነው። ወደፊት የሚመጣውም ቢሆን ሲመጣ ማን እንደሚከፍልበት ታስቦ ነው የሚቆጠረው።

እዚህ የሚነጻጸሩት አዲስ አበባና ዙሪያዋ ላይ ለአምስት ሰው ቤተሰብ ከ100 እስከ 150 ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፍ ቤት፣ ምድር ወይም ጂ+1፣ ሊሠራ ያሰበ ሰው ፊት የሚቀርቡ አራት ምርጫዎች ናቸው። አንደኛው መሃል ከተማ አሮጌ ቤት ገዝቶ አፍርሶ መሥራት ነው። ሁለተኛው የከተማው ዳርቻ ላይ፣ አያት፣ ሰሚት፣ ለቡ፣ ጀሞ፣ ቦሌ ቡልቡላና መሰል ሰፈሮች፣ የሊዝ ወይም የማኅበር ቦታ ነው። ሦስተኛው እንደ ቢሾፍቱ፣ ሆለታና ደብረ ብርሃን ያለ የራሱ ማዘጋጃ ቤት ያለው ከተማ፣ አራተኛው ገጠር ቀበሌ። የካሬ ዋጋ አልተጻፈም፤ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ በወሩ ውሸት ይሆናል።

መመዘኛዎቹ፣ በክብደታቸው ቅደም ተከተል

ወረቀት። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። የምትገዙት ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብቱን ነው። ከተማ ውስጥ ይህ መብት ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ወይም ሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዓመት በክፍያ የሚያዝ) ሆኖ በካርታ፣ ማለትም በይዞታ ማረጋገጫው ወረቀት፣ ይገለጻል፤ ለመኖሪያ የሚሰጠው ሊዝ 99 ዓመት ነው። ገጠር ላይ ደግሞ የአርሶ አደሩ የመጠቀም መብት ነው፦ ለቤተሰብ ይወረሳል፣ ይሰጣል፣ ለተወሰነ ጊዜ ይከራያል፣ አይሸጥም። እዚህ ላይ ያልጠራ ቦታ ሌላው መመዘኛ ሁሉ ቢያምርም ከዝርዝሩ ይሰረዝ።

ካርታ አይታችሁ ብቻ አትመኑ። ኮፒውን ይዛችሁ ክፍለ ከተማው ወይም ማዘጋጃ ቤቱ መሬት ክፍል ራሳችሁ ሂዱ፣ ማኅደሩ መኖሩን አረጋግጡ። ዕዳና እገዳ ይጣራ፤ የባንክ መያዣ ወይም የፍርድ ቤት እግድ ያለበት ቤት ስም አይዞርም። ካርታው ላይ ያሉትን ኮኦርድኔቶች ቀያሽ በጂፒኤስ መሬት ላይ ያውርዳቸው፤ አጥር ከካርታ ጋር ሳይገጥም የኖረ ግቢ ሞልቷል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ ይኑር፣ አላገባሁም ካለም ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። የጋራ ቤት በአንዱ ፊርማ ከተሸጠ ሌላኛው ፍርድ ቤት ሄዶ ሊያፈርሰው ይችላል። ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ (ውልና ማስረጃ) ፊት ይፈረም። ሰፈር ውስጥ በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ለብድር ምስክር ይሆን ይሆናል፣ ለቤት ግን አያገለግልም።

አፈር። ገዢ የሚረሳው፣ ግንበኛም ቦታው ከተገዛ በኋላ የሚናገረው ነገር ይህ ነው። የአዲስ አበባ ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ፣ አቃቂ፣ ለቡ፣ ቦሌ ቡልቡላ አካባቢ፣ ሰፊው ክፍል ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሸማቀቃል፤ በላዩ ያለውን ቤት በዓመት አንዴ ያነሳዋል፣ አንዴ ያወርደዋል። ወደ እንጦጦ ግርጌ ስትወጡ ቀይ አፈርና አለት ይበዛል። እዚያ ችግሩ ተዳፋቱ ነው፤ የድጋፍ ግንቡ ወጪ አንዳንዴ ከመሠረቱ ይበልጣል።

ጥቁር አፈርን ለማወቅ ላቦራቶሪ ሳትደርሱ ጎረቤቱን አንብቡት። በበጋ ሂዱ፤ መሬቱ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ካለ ጥርጣሬው አበቃ። የአጥር ግንብ ላይ እንደ ደረጃ በብሎኬቱ መገጣጠሚያ የሚወጣ ስንጥቅ፣ ከመስኮት ማዕዘን ወደ ጣሪያ በሰያፍ የሚሮጥ ስንጥቅ፣ በነሐሴ አልዘጋ ብሎ በጋ ሲመጣ ያለ ችግር የሚዘጋ የግቢ በር፦ ሦስቱም አንድ ነገር ነው የሚናገሩት። ከዚያ 2 ሜትር ጉድጓድ አስቆፍሩ። አፈሩን አርጥባችሁ በመዳፍ አሹት፤ ሳይበጠስ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥኖ ከተጠቀለለ ጭቃው እንደ ሰም የሚለጠጥ ነው፣ ለመሠረትም ክፉ ነው።

መፍትሔው የታወቀ ነው፣ ገንዘብ ግን ይፈልጋል። ጥቁሩ አፈር ቀጭን ከሆነ እስከ ጠንካራው ድረስ ተቆፍሮ ይወጣል። ወፍራም ከሆነ መሐንዲሱ ባዘዘው ጥልቀት ተነሥቶ ገረጋንቲ በ20 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ እየተጠቀጠቀ ይሞላል፣ መሠረቱም በግሬድ ቢም (መሠረቱን ዙሪያውን የሚያያይዝ ፌሮ የገባበት አግዳሚ ኮንክሪት) ይታሰራል። በድንጋይ ግንብ ብቻ «አባቶቻችን እንዲህ ነው የሠሩት» የሚል ግንበኛ ካገኛችሁ፣ አባቶቻችን ጥቁር አፈር ላይ የሠሩት የጭቃ ቤት እንደነበር አስታውሱት፤ ጭቃ ቤት ይተጣጠፋል፣ ብሎኬት ይሰነጠቃል። ቤቱ ካለቀም በኋላ ዙሪያውን ቢያንስ 1 ሜትር የሲሚንቶ ንጣፍ ይኑረው፣ የጣሪያው ውኃ ግድግዳ ሥር አይውደቅ፣ ባሕር ዛፍም ከቤቱ ይራቅ።

ውኃ፣ መብራት፣ መንገድ። ውኃ በአንድ ሰው በቀን 60 ሊትር ብንቆጥር አምስት ሰው 300 ሊትር ይፈጃል፤ 2,000 ሊትር ሮቶ ስድስት ቀን ተኩል ያደርሳል። ሰፈሩ ውኃ በፈረቃ በሳምንት አንዴ የሚያገኝ ከሆነ አንድ ሮቶ አይበቃም፣ ከመሬት በታች ታንከርና ፓምፕ ግምቱ ውስጥ ይግባ። የዝናብ ውኃ የሚናቅ አይደለም፦ በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚዘንብበት ቦታ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ፣ ብክነቱ ተቀንሶ፣ ወደ 88 ሜትር ኩብ ይሰጣል። ችግሩ አብዛኛው በክረምት ወራት መውረዱ ነው፤ እስከ ጥር ለማድረስ ትልቅ ማጠራቀሚያ ይፈልጋል።

መብራት ላይ የሚጠየቀው ቅርቡ ትራንስፎርመር የት እንዳለና ስንት ምሰሶ እንደሚቀር ነው፤ በአንድ ምሰሶ ከ40 እስከ 50 ሜትር አስሉ። መስመሩ የገባ ከሆነ ማታ 1 ሰዓት፣ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ፣ ጎረቤት ቤት ገብታችሁ ቮልቴጁን ለኩ። 220 መሆን የነበረበት ከ190 በታች ከወረደ የፍሪጅና የፓምፕ ሞተር ዕድሜ አይኖረውም።

መንገዱ ላይ ጥያቄው አንድ ነው፦ ጭነት የያዘ ሲኖትራክ በክረምት ደጃፍ ድረስ ይገባል? ካልገባ አሸዋና ብሎኬቱ ዋናው መንገድ ላይ ወርዶ በአይሱዙ ወይም በጋሪ ይመላለሳል። ሁለት ጊዜ መጫኛና ማውረጃ ትከፍላላችሁ፣ ብሎኬትም ይሰበራል። ለ100 ካሬ ሜትር ግድግዳ ባለ 40 በ20 ብሎኬት 1,250 ይገባል፤ እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ከመቶ አሥር ስባሪ ጨምራችሁ እዘዙ።

የየቀኑ ጉዞ። አንድ መንገድ ሰዓት ተኩል ከሆነ በ22 የሥራ ቀን 66 ሰዓት ታክሲና አውቶቡስ ውስጥ ያልቃል። ይህን ሁለት ሠራተኞችና ሦስት ተማሪዎች ባሉበት ቤት አባዙት። እሑድ ጠዋት በ25 ደቂቃ ደረስን ብሎ ቦታ የገዛ ሰው ሰኞ ይጸጸታል፤ የሥራ ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከዚያ ተነሥታችሁ ሞክሩት።

ትምህርት ቤት፣ ሐኪም፣ እድር። ልጆች እስከ ስምንተኛ ክፍል በእግር የሚደርሱበት ትምህርት ቤት፣ ሌሊት ወላድ የሚቀበል ጤና ጣቢያ፣ ያለመኪና የሚደረስ ገበያ። እድሩንም አትርሱ፤ ነባር ሰፈር ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል፣ አዲስ ሰፈር እናንተ ናችሁ የምታቋቁሙት።

አማራጮቹ በመመዘኛው ሲታዩ

መሃል ከተማ። ውኃው፣ መብራቱ፣ ሐኪሙ፣ ታክሲው አለ፤ በቦታው ዋጋ ውስጥ ከፍላችሁበታል። ፈተናው ፕላኑ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማት ፒያሳን፣ አራት ኪሎን፣ ካዛንቺስን እንዴት እንደቀየረ ያየ ሰው ካርታ ያለው ቤትም ሊነሣ እንደሚችል ያውቃል። ልዩነቱ ካርታ ያለው ካሳና ምትክ የመጠየቅ መብት ይዞ መነሣቱ ነው። ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የፕላን መረጃ ጠይቁ፦ ቦታው ለመኖሪያ ነው? ዝቅተኛው ፎቅ ስንት ነው? መንገድ ይቆርጠዋል? ዋና መንገድ ዳር ምድር ቤት ብቻ መሥራት የማይፈቀድበት ቦታ አለ፤ ገንዘባችሁ ለጂ+1 ሆኖ ፕላኑ ከዚያ በላይ ካለ ቦታው የእናንተ አይደለም። ወንዝ ዳር ያለውንም ተዉት።

ሌላው የጠባብ ግቢ ጣጣ ነው። 100 ካሬ ሜትር ላይ ለመስኮት ከወሰን 2 ሜትር ስትለቁ፣ ለሴፕቲክ ታንክ (ሴፍቲ የምንለው) እና ለሮቶ ቦታ ስትተዉ፣ ወደ ላይ ከመሄድ ሌላ ምርጫ የለም። ሽማግሌ ወላጅ ካለ ምድር ላይ አንድ መኝታና መታጠቢያ ከመጀመሪያው ይሣል። ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ ደግሞ በሊዝ አዋጅ 721/2004 መሠረት ወደ ሊዝ ይገባል፤ ሻጩ ይህን ስለማይነግራችሁ ስም ማዞሪያውን ጠቅላላ ወጪ ከመሬት ክፍሉ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ውሰዱ።

የከተማው ዳርቻ። ለአብዛኛው ደመወዝተኛ ቤተሰብ ሚዛኑ የሚደፋው እዚህ ነው፣ ወረቀቱ ንጹሕ ከሆነ። የሊዝ ቦታ ግንባታ የመጀመሪያና የመጨረሻ ጊዜ አለው። ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ ማስተላለፍም ገደብ አለበት፤ ስለዚህ «ባዶ የሊዝ ቦታ» የሚባል ሽያጭ ሲመጣ ጠርጥሩ። የማኅበር ቦታ ከሆነ ሻጩ የማኅበሩ አባል ብቻ ነው ወይስ በግሉ ካርታ ወጥቶለታል? ካርታው በማኅበሩ ስም ከሆነ የምትገዙት ተስፋ ነው።

ዳርቻው ላይ ያለው ትልቁ ወጥመድ ግን አጠገቡ ያለው ነው፦ አስፋልቱ ሲያልቅ የሚጀምረው የጨረቃ ቤት ሰፈር። አዲስ አበባ ሰነድ አልባ ይዞታዎችን ስታስተናግድ መነሻ ያደረገችው የ1988 እና የ1997 ዓ.ም. የአየር ካርታዎችን ነው። በኋላ የበቀለ ቤት መብራት ቢገባለትም፣ ግብር ቢከፈልበትም፣ ቀበሌ ቢያውቀውም ካርታ አይሆንም። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች ሸገር ከተማ ተብለው ሲደራጁ ሕገ ወጥ የተባሉ በርካታ ቤቶች ፈርሰዋል።

አጎራባች ከተማ። «ገጠር መኖር እፈልጋለሁ» ከሚሉት ብዙዎቹ በልባቸው የሚፈልጉት ይህን ነው፦ ሰፊ ግቢ፣ ጎመንና ዶሮ፣ ጸጥታ፣ ግን ካርታ የሚሰጥና ፕላን የሚያጸድቅ ማዘጋጃ ቤት። ከተሞቹ ግን አንድ አይደሉም።

ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የአዳማ ፈጣን መንገድም አቅርቦታል፤ የፍጥነት መንገዱ ክፍያና ነዳጅ በወር ተደምሮ ይታይ። ከፍታው 1,900 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ይሞቃል፣ ኮርኒስና አየር ማስወጫ ላይ አትቆጥቡ። ወደ ስምጥ ሸለቆው ሲኬድ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የግል ጉድጓድ ካሰባችሁ ውኃውን ሳታስመረምሩ አትጠጡ። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ያለፈ የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፣ መፍላት አያወጣውም፤ እንዲያውም ያከማቸዋል።

ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ አዲስ አበባ ለሚሠራ የየቀን ምልልስ አይታሰብም። ሥራው እዚያው ለሆነ ወይም ጡረታ ለወጣ ግን ጥሩ ነው። ከፍታው 2,800 ሜትር በላይ በመሆኑ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ አለ፤ ኮንክሪት ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይሞላ፣ ማታ በጆንያ ይሸፈን። አመሻሽ ላይ ተሞልቶ ሌሊት ውርጭ የመታው ኮንክሪት ፊቱ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ሆለታ በመካከል ናት፦ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አየሩ ከአዲስ አበባ ብዙም አይለይም። ሱሉልታ ሜዳው ክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ በሐምሌ ሳታዩ አትግዙ።

ገጠር ቀበሌ። እዚህ ሰዎቹ በሁለት ይከፈላሉ። እዚያው ተወልዶ በአባቱ ይዞታ ላይ፣ ስሙ በመሬት ይዞታ ደብተሩ ገብቶ ወይም በሕጋዊ ስጦታና ውርስ አግኝቶ የሚሠራ ሰው አንድ ነው። ለእሱ ከዚህ የረከሰ ቤት የለም፣ መጨነቅ ያለበት ስለ ውኃና ስለ ምስጥ ነው። ሌላው ከከተማ ሄዶ ከአርሶ አደር «የሚገዛ» ነው።

ሁለተኛው ውል ምን እንደሚመስል በቅርብ እንየው። ሽያጭ ክልክል መሆኑን ሁለቱም ስለሚያውቁ ወረቀቱ «ብድር» ወይም «ስጦታ» ወይም «የ30 ዓመት ኪራይ» ይባላል። ሦስት ሽማግሌ ይፈርማል፣ አንዱ የቀበሌ ማኅተም ያመጣል፣ ገንዘቡ በእጅ ይቆጠራል። ቤቱ ይሠራል። ከአምስት ዓመት በኋላ ከተማው ይሰፋና ቦታው ፕላን ውስጥ ይገባል፤ ካሳ ከፋዩ ደብተሩን ይጠይቃል። ደብተሩ ላይ ያለው ስም የአርሶ አደሩ ነው። ወይም አርሶ አደሩ ያርፋል፣ በውሉ ላይ ያልፈረሙ ልጆቹና ሚስቱ መሬታችንን ይላሉ፣ ሕጉም ከእነሱ ጋር ነው። ብድር ያሰኘው ወረቀት ቢበዛ ያስመለሰው የተጻፈውን ብር ነው፤ ቤቱን አይደለም። የረከሰ የሚመስለው መሬት ከአራቱ ሁሉ ውዱ የሚሆነው በዚህ ነው።

መብት ላለው ሰው የሥራ ምክር፦ ጭቃ ቤትም ቢሆን የድንጋይ መሠረቱ ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። የባሕር ዛፍ ቋሚዎቹ አፈር ውስጥ ከተቀበሩ ምስጥ ይጨርሳቸዋል፣ ድንጋዩ ላይ ቢያርፉ ይሻላል። ጭቃ ላይ በቀጥታ የተለሰነ ሲሚንቶ በሁለት ክረምት እንደ ቅርፊት ይላጣል፤ ወንፊት ሽቦ በምስማር ተወጥሮ ይለሰን ወይም በጭቃና በኖራ ይቅር። መጸዳጃው ከጉድጓድ ውኃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከጉድጓዱም ቁልቁል ይሁን።

| መመዘኛ | መሃል ከተማ | ዳርቻ | አጎራባች ከተማ | ገጠር ቀበሌ |
|---|---|---|---|---|
| ወረቀት | ካርታ አለ፣ ፕላን ይጣራ | ሊዝ ወይም ማኅበር፣ ጨረቃ ቤት አጠገቡ አለ | የማዘጋጃ ካርታ | ለተወላጅ ደብተር፣ ለገዢ ምንም |
| የቦታ ወጪ | እጅግ ከፍተኛ | ከፍተኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ መስሎ አደገኛ |
| የመሠረት ስጋት | ተዳፋት፣ አሮጌ ሙሌት | ጥቁር አፈር | እንደ ከተማው | ሳይመረመር አይታወቅም |
| ውኃና መብራት | አለ፣ ፈረቃ | አለ ወይም ቅርብ | ይለያያል | በራስ ወጪ |
| ዕቃ ማድረሻ | ጠባብ መንገድ፣ የሰዓት ገደብ | ቀላል | ከአዲስ አበባ ከመጣ ውድ | ሁለት ጊዜ ማጓጓዝ |
| ምልልስ | አጭር | 1 ሰዓትና ከዚያ በላይ | ቢሾፍቱና ሆለታ ይቻላል፣ ደብረ ብርሃን አይቻልም | ሥራው እዚያው ካልሆነ አይሆንም |
| ግቢ | ከ70 እስከ 150 ካሬ የተለመደ | ከ100 እስከ 250 | ሰፊ | እጅግ ሰፊ |

ለማን የቱ?

ሁለቱም ወላጆች መሃል ከተማ የሚሠሩ፣ ልጆቹ ትናንሽ፣ ገንዘቡም ውስን ከሆነ፦ ዳርቻ፣ ትንሽ ቦታ፣ ጂ+1 መሠረት ተጥሎ ለጊዜው ምድሩ ብቻ። ኮለኑ ላይ ፌሮ ወደ ላይ ተርፎ ከቀረ ዝገት እንዳይበላው በደካማ ኮንክሪት ይሸፈን፤ ክፍት የቀረ ፌሮ በሦስት ክረምት ለላይኛው ፎቅ አይታመንም።

ከያዛችሁት ጠቅላላ ገንዘብ ግማሹ ለቦታው ብቻ የሚያልቅ ከሆነ መሃል ከተማውን ተዉት። ግንባታው ግድግዳ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ኪራይም እየከፈላችሁ ሲሚንቶ ትጠብቃላችሁ። ከግንባታው ግምት ላይ ከመቶ 15 ለመጠባበቂያ ተነሥቶ ሳይነካ ይቀመጥ።

ሐኪም አዘውትሮ የሚያስፈልገው ሰው ቤት ውስጥ ካለ ሰፊ ግቢ አያማልላችሁ፤ መሃል ከተማ ወይም ለዋና መንገድ የቀረበ ዳርቻ። ጡረተኛ፣ በቤቱ የሚሠራ ወይም ሥራው አዲስ አበባ ያልታሰረ ሰው አጎራባች ከተማን ይምረጥ፣ ሩብ ያህሉን ገንዘብ ለውኃ ማጠራቀሚያና ለአጥር መድቦ። ገጠር የአባቱ ይዞታ ላለው ብቻ።

ውጭ ሀገር ሆኖ ለሚያሠራ አንድ ነገር ይጨመር። ለወንድም ወይም ለእህት የሚላከው ውክልና «ሁሉን እንዲያደርግልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ከሆነ ቤት ለመግዛትና ለመሸጥ አይበቃም፤ ልዩ ውክልና ይሁን፣ በኤምባሲ ተፈርሞ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥ፣ «ለመግዛትና ለማሠራት» ብሎ «ለመሸጥ»ን ይተው። ገንዘቡም በደረጃ ይላክ፦ ጉድጓዱ ተቆፍሮ የአፈሩ ፎቶ ከሜትር ጋር ሲታይ፣ ፌሮው ታስሮ ኮንክሪቱ ሳይሞላ፣ ግድግዳው ሲያልቅ፣ ጣሪያው ሲለብስ። ከሁሉም ጠቃሚው ሁለተኛው ፎቶ ነው፤ ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ስንት ፌሮ እንደገባ ማንም አይቆጥርም።